አምስቱ የውሃ ስሞች

ዋሻ ቆፋሪዎች ዘንድ ውሃ አምስት ስም አለው፤ ደረቅ፣ ርጥበት፣ ርጥብ፣ ጠብታ፣ ፍሰት። ስድስተኛ የለውም። ድማሚቱ ፈንድቶ፣ ጭሱ ወጥቶ፣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው የላላ ድንጋይ በረጅም ብረት እየተጎረጎረ ከወረደ በኋላ ባትሪዬን አብርቼ አዲስ ከተከፈተው አለት ፊት እቆም ነበር። የአለቱን ዓይነትና የስንጥቁን አቅጣጫ አይቼ ስጨርስ ውሃውን በስሙ መጥራት የኔ ፋንታ ነው። መዳፌን አለቱ ላይ አሳርፌ ምንም ካልተሰማኝ ደረቅ እላለሁ። ቀዝቀዝ ካለኝ ርጥበት፣ መዳፌ ከራሰ ርጥብ፣ ሄልሜቴ ላይ ጠብ ጠብ ካለ ጠብታ፣ ሳያቋርጥ ከወረደ ፍሰት። ደሴ ሄጄ ያን ሁሉ ዓመት ጂኦሎጂ የተማርኩት ለዚህ ነበር። አገሩ ግን ኢንጂነር ሆነ እያለ ያወራልኝ ነበር፤ እኔም አላረምኩትም።

ዋሻው ለመኪና መንገድ የሚቆፈር ነው። ከሐይቅ ከተማ ወጥቶ ወደ አምባሰል የሚሄደው መኪና ዳገቱን እየተጠማዘዘ ከሚወጣ በተራራው ሆድ ሰንጥቆ እንዲያልፍ ታስቦ ነው። ተራራው ላይ የተቀመጠው ደግሞ የኔ መንደር ነው። ከላይ ከመንደራችን ቁልቁል ሲያዩ ሐይቁ ከእግር ስር የተነጠፈ ይመስላል፤ የዋሻው አፍ ግን አይታይም፣ ገደሉ ይከልለዋል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ለአክስቴ በቤቷ ስር እንደምናልፍ ነገርኳት። እናቴ ስላልቆየችልኝ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እማ የምለውም እሷን ነው። ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ በሳቅ የምትታወቅ ሴት ነበረች።

«ኧረግ! ኸቤቴ ስር?» አለችኝ። «እንግዲያው ስትደርስ አንኳኳልኝ፤ ወላሂ በሩን እኸፍትልሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ፍንዳታው መደርደሪያዋ ላይ ያሉትን ስኒዎች ባንቀጫቀጨ ቁጥር «ልጄ አንኳኳ» ትል ነበር አሉ። ቅዳሜ ማታ ስመጣም «ትናንት ሰማሁህ፣ ምነው እንዲያ በኃይል?» ብላ ትቀልድብኛለች።

የዋሻ ቋንቋ ያስተማረኝ አለቃዬ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ሳቂታ፣ ለጋስ፣ እሁድ እሁድ ሐይቅ ዳር ወስዶ አሳ የሚጋብዘን። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ በደንብ እጠላው ነበር። የዋሻው መግቢያ አፍ ይባላል፤ እየተቆፈረ ያለው የመጨረሻው አለት ግንባር፤ ጣሪያው ወደ ግድግዳው የሚታጠፍበት ቦታ ትከሻ። ቁፋሮው ወደፊት የሄደበት ርቀት ደግሞ ግስጋሴ ነው። ከሁሉ በላይ የሚፈራውና የሚወደደው ቃል ይኸው ግስጋሴ ነበር፤ ጠዋት ስንገናኝ ከሰላምታ በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው። እንዴት አደርክ የሚባለው ከዚያ በኋላ፣ ጊዜ ከተረፈ ነው።

አንድ ቀን ከትከሻው ላይ ድንጋይ ተገምሶ የአንድ የወረዳችንን ልጅ እግር ቀጠቀጠው። ጫማው ውስጥ እግር ይኑር አይኑር አይለይም ነበር። ሰውየው እየጮኸ በቃሬዛ ሲወጣ አለቃዬ ወደኔ ዞሮ «ምን ያህል ወረደ?» አለኝ። ስለ እግሩ የጠየቀኝ መስሎኝ ግራ ገባኝ። የጠየቀኝ ስለ ድንጋዩ ነው። ከታሰበው በላይ ለወደቀ ድንጋይ ስም አለው፤ ትርፍ ቁፋሮ ይባላል፤ ስፋቱና ጥልቀቱ ይለካል፤ ጉድጓዱ በሚረጭ ኮንክሪት ይሞላል። ለእግሩ ግን ቃል አልነበረንም፤ «መስተጓጎል» ተባለና ታለፈ። ያን ዕለት ማታ አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ወሎዬው፣ ነገሩን በስሙ ጥራውና ተኛ» አለኝ። እኔም ተኛሁ።

ሌላም ያስተማረኝ ነገር አለ። አለት ከስሩ ሲቦረቦር ወዲያው አይወድቅም። ምንም ሳይደግፈው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ጠንካራው ረዥም ጊዜ፣ ሰንጣቃው አጭር ጊዜ። ለዚህ ጊዜም ስም አለው። እኛ ሠራተኞቹ «ትዕግስቱ» እንለዋለን። ትዕግስቱ ሳያልቅ ኮንክሪት መርጨትና በረጅም ብረት ሰፍቶ መያዝ ነው፤ ካለቀ በኋላ መሮጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምንጩ ልምጣ። ከመንደራችን በላይ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ስር፣ አያቶቻችን ሳይወለዱ ጀምሮ የሚፈስ ምንጭ ነበረን። እስላሙም ክርስቲያኑም የሚጠጣው ከሱ ነው። ሴቶቻችን ባቄላ ቶሎ ያበስላል እያሉ ይኮሩበታል፤ ሌላ ቀበሌ የተዳረች ልጅ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ስትመለስ አንድ ጄሪካን ሳትሸከም አትሄድም። ምንጩ ሕግ አለው። ብረት ዓይኑን አይነካም። የሚቀዳው በቅል ነው፤ ጣሳም ሆነ ኩባያ የሚያጠልቅበት የለም። ክረምት ሲቃረብ ወንዶች ተሰብስበው ይጠርጉታል፤ እሱም በእጅና በእንጨት ነው። ለምን ሲባል የሚመልስ አላጋጠመኝም። ብቻ ብረት አይወድም ይባላል፤ የተባልነውን ሁሉ እየተቀበልን አድገናል።

የሾላው ሥር አድጎ አድጎ የምንጩን ዓይን ሰነጠቀው። ውሃው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ይጠፋ ጀመር። ወንዶቹ ዛሬ እንነቅለዋለን፣ ነገ እንነቅለዋለን እያሉ አንድ ክረምት አሳለፉ። ሥሩ የእጅና የእንጨት ሥራ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ መጥረቢያ ይዞ የሚወጣ ግን አልተገኘም። ወረፋ እየያዘ ቅል በቅል የሚለቅመው ሴቱ ነው፤ ወንዱ ምን ቸገረው! አክስቴ አንድ ቀን ማለዳ የሟች ባሏን መጥረቢያ ይዛ ወጣች፤ ቢስሚላህ ብላ ሥሩን ቆረጠችው። ውሃው እንደገና አንድ ሆኖ ጎረፈ። መንደሩ ዓመቱን ሙሉ ያን ጭማሪ እየጠጣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሲል ከረመ። ማን ቆረጠው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዋሻው ከመንደሩ ስር የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ መኸሩ ሊታጨድ ሲል። ግንባሩ ላይ ደረቅ ስል የከረምኩት ሰውዬ አንድ ቀን ርጥበት አልኩ። ቀጥሎ ርጥብ። ከዚያ ጣሪያው ጠብታ ሆነ፤ ሠራተኛው የዝናብ ልብስ ለበሰ። ከዚያ አንድ ማለዳ መሰርሰሪያ ማሽኑ ረጅሙን ብረት ከጉድጓዱ መልሶ ሲስብ ውሃው ተከትሎት ወጣ። የማሽኑን ሾፌር ደረቱ ላይ መታው፤ ሄልሜቱን አውልቆ ወሰደው። ጥርት ያለ ውሃ ነበር፤ እጄን ስሰድበት ለብ ይላል። «ፍሰት» አልኩ። አለቃዬ አጨበጨበ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወደ መንደሬ ወጣሁ። አክስቴ ከምንጩ ዳር ቁጭ ብላ አገኘኋት። ቅሉን ከዓይኑ ስር ደግና ትጠብቃለች። ውሃው ጠብ ይላል፣ ይቆያል፣ ደግሞ ጠብ ይላል። አፌ ውስጥ የመጣው ቃል የሥራ ቃሌ ነበር፤ ጠብታ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድንጋዩ ርጥብ ብቻ ነበር። ቀጥሎ መዳፌን አሳርፌ ቅዝቃዜውን ብቻ ሰማሁ። በመጨረሻ ምንም አልሰማሁም። ታች ዋሻው ውስጥ አንድ በአንድ የወጣኋቸውን ስሞች እዚህ ምንጩ ዳር አንድ በአንድ ወረድኳቸው። ጂኦሎጂ የተማረ ሰው አያስፈልግም ነበር፤ ይህን እረኛም ያየዋል ብዬ ነበር የማስበው። ተሳስቼ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ቢሮ ስል የኮንቴይነር ክፍል ነው። ሻይ ቀዳልኝ።

«ኢንጂነር፣ ያ ውሃ የመንደሬ ምንጭ ነው» አልኩት።

«ምንጭ አትበለው» አለኝ እየሳቀ፤ «ሰርጎ ገብ ውሃ ነው።»

«ምንጩ ደርቋል። ስንጥቁን ሲሚንቶ ወግተን እንድፈነው። ሳይረፍድ ከሆነ ወደ ቦታው ይመለሳል።»

«እሱ ግራውት ይባላል፤ እንደምታውቀው አውቃለሁ። ግራውት ስናደርግ ግንባሩ ይቆማል። ግንባሩ ከቆመ ግስጋሴ የለም። ግስጋሴ ከሌለ አንተም እኔም የለንም። በቱቦ ይዘን በአፉ በኩል እናፈሰዋለን፤ አለቀ።»

«ሰዉስ?»

«ግንኙነቱ አልተረጋገጠም» አለ። ይህም የሙያ ቃል ነው። ስኳር ጨምርበት ብሎ ዕቃውን ገፋልኝ። ከሱ በላይ ላሉትም ሄጄ ተናገርኩ፤ የመለሱልኝ ያንኑ ቃል ነው፤ ያለ ስኳር።

መንደሩ ውስጥ ደግሞ ወዳጃ ተጠራ። ወዳጃ እኛ አገር ችግር ሲጠና ሰው ተሰብስቦ፣ ጫት ተበጥሶ፣ ዱዓ የሚደረግበት ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤትም ይቀመጣል፣ አሜን ይላል። ከዱዓው በፊት አንድ ነገር አለ። በሰው ወይም በነገር ላይ ያጠፋ ሁሉ ይናገርና አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል፤ ሌላው አውፍ ብለናል ይለዋል፤ ቂም ይዞ የተለመነ ዱዓ አይወጣም ተብሎ ነው። ዱዓውን የሚመሩት ሽማግሌ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «ምንጩን ያስቀየመ ካለ ይናገርና አውፍ እንባባል» አሉ። አንዱ አህያውን ከሰው በፊት ማጠጣቱን ተናገረ። አንዷ የልጇን የሽንት ጨርቅ ከዓይኑ አጠገብ ማጠቧን ተናገረች። ሰው ሳቀ፤ አውፍ አላቸው።

ከዚያ አክስቴ ተነሳች። ማንም አላየኝም፣ ዝም ልበል ማለት አልፈጠረባትም። «እኔም የሾላውን ሥር በባሌ መጥረቢያ ቆርጨዋለሁ። ለውሃው ብዬ ነበር። አውፍ በሉኝ» አለች።

ቀድማ የተናገረችው ጎረቤቷ ናት። ከአክስቴ ጋር አንድ ወንፊት የምትጋራ፣ በወለደች ቁጥር አክስቴ እንደ እናት ያስታመመቻት፣ የልብ ወዳጇ ነበረች።

«እኔ ደግሞ ምን ነካው እያልኩ ነበር!» አለች። «ዓይኑን ነዋ የወጋሽው።»

ተነስቼ ተናገርኩ። ምንጩ ከስር መቦርቦሩን፣ ውሃውን በዓይኔ ማየቴን፣ ለብታውን፣ የደረቀበትን ተራ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ግንባር፣ ስንጥቅ፣ ፍሰት እያልኩ ስዘባርቅ ሰዉ በትዕግስት አዳመጠኝ። ስጨርስ አንዱ «ያሳደገችው ልጇ ነው፤ ምን ይበል ታዲያ» አለ። ሌላው «ኸዚህ እስኸ ታች ስንት ገደል አለ! ዓይኑን የወጋው መጥረቢያ እያለ በናንተ ድማሚት ሊደርቅ ነው?» አለ። ሳቁብኝ። ብረት የተሸከመ ያ ሁሉ ማሽን ከእግራቸው ስር ሲያንቀጠቅጣቸው የከረመ ሰዎች ናቸው የሳቁብኝ። ከብረት ሁሉ የታያቸው የአንዲት መበለት መጥረቢያ ነበር።

ሽማግሌው «አውፍ በሏት» አሉ። ሁሉም «አውፍ ብለናል» አሉ። ከልብ ያሉ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቷ ወንፊቱን በልጅ እጅ ላከችላት። አክስቴ ወንፊቱን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ ቀረች፤ ሁለቱም በየተራ የሚይዙት ነገር እንጂ የማንም አልነበረም። ጤፏ ሲደርስ ደቦ ጠራች፤ ማንም አልመጣም። አንዱ ወገቤን አለ፣ ሌላው ለቅሶ አለብኝ አለ፤ የማን ለቅሶ እንደሆነ ግን መናገር አልቻለም። እኔ ፈቃድ ጠይቄ ከፈረቃዬ ቀርቼ አጨድኩላት። እጄ ማጭድ ከለቀቀ ቆይቷልና ከዘሩ የሚበዛውን መሬት ላይ አረገፍኩት። እሷ ከኋላዬ እየለቀመች «አብሽር፣ ወፎቹም ይብሉ» ትለኛለች። ሰው ግን በመንገድ ሲያልፍ ቆሞ ያየናል። አይዟችሁ የሚል የለም። አንድ ሰው ብቻ ቆም ብሎ «በርቱ» አለን፤ መንገደኛ ነበር፣ ታሪኩን አያውቅም።

መንደሩ ውሃ ከወንዝ ማምጣት ጀመረ። መውረዱ ቀላል ነው፤ ጄሪካን ተሸክሞ መውጣቱ ነው ነፍስ የሚያስጥለው። ሴቱ በየቀኑ ዳገቱን ሲወጣ ጀርባው የሚነግረው ስም የአክስቴ ነው። ወንዝ ዳር ስትደርስ ቀድመው የነበሩት ይነሳሉ። የቀዳችውን አንድ ጊዜ ልጆች ደፉባት፤ እናቶቻቸው ቆመው አይተዋል፤ አንዷም አልተቆጣችም። ከደፉት አንዱ ጎረቤቷ ስትወልደው አክስቴ እትብቱን የቆረጠችለት ነው። እኔ ይህን የሰማሁት ከሰው ነው። እሷ ስጠይቃት «እግሬን አዳልጦኝ ነው» አለችኝ፤ ከዚያም ስለ ዋሻው ጠየቀችኝ፣ ደህና ነው ወይ አለችኝ። የሚጠይቃት ሰው ያጣችው እሷ ስለ ዋሻ ጤና ትጠይቃለች።

ቀስ በቀስ ሳቋ ቀነሰ። ፍንዳታው ስኒዎቿን ሲያንቀጫቅጭ አንኳኳ ማለት ተወች። አንድ ቅዳሜ ስመጣ ስኒዎቹን ከመደርደሪያው አውርዳ በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከታቸዋለች። «ማን ሊጠጣበት ነው» አለችኝ። ትዕግስቱ ይህን ያህል ነው የሚል ሰንጠረዥ ለአለት አለን፤ ለሷ ምን ያህል እንደቀራት የማውቅበት አልነበረኝም።

ያን ጊዜ ቱቦው ወጣ። ውሃውን ከግንባሩ ይዘው፣ ከሲሚንቶውና ከዘይቱ ሳይቀላቀል፣ በግድግዳው ጥግ አምጥተው በዋሻው አፍ በኩል ወደ ቦዩ ለቀቁት። ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ጥበቃው መጀመሪያ ሰው አያስጠጋም ነበር፤ በኋላ አለቃዬ ፈቀደ። እውነቱን ልናገር፣ ከልቡ ነው የፈቀደው፤ ደግነቱ እንዲህ ያለ ነው። መንደሩ ጄሪካኑን ይዞ ገደሉን እየዞረ ወረደ። ከወንዙ ይቀርባል።

ትልቅ ተስፋ ነበረኝ። ይህን ውሃ ከቀመሱት ያውቁታል ብዬ አሰብኩ። ለብታውን እጃቸው ያውቀዋል። አፍ አውጥቼ ያልኩትን ምላሳቸው ይነግራቸዋል፣ ያኔ የምር አውፍ ይሏታል አልኩ። ከፈረቃ ስወጣ እቤቴ አልሄድም፤ ከቱቦው ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሚቀዳውን ሰው ፊት አያለሁ። ጎረቤቷ መጣች። ጄሪካኗን ስትሞላ እጇን ከቱቦው ስር አቆየችው። አየችኝ። ተሸክማ ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ እየሮጠች ተመለሰች። ሽማግሌው ከኋላዋ በትራቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ወረፋው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ።

«ባቄላ ጣድኩበት!» አለች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ገና እንፋሎቱ ሳይወጣ በሰለ። ወላሂ የኛው ነው! ምንጫችን ነው!»

ሽማግሌው በመዳፋቸው ተቀብለው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ነው» አሉ፤ እንባቸው ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ከድንጋዬ ላይ ተነስቼ ዘለልኩ፤ አላፍርበትም። ሄልሜቴን ወረወርኩት። «ብያችሁ ነበር!» እያልኩ ጮህኩ፤ «ብያችሁ ነበር! እዚህ ነው ያለው!»

«ልክ ነህ፣ ብለኸን ነበር» አለች ጎረቤቷ ወደኔ ዞራ። ድምፅዋ ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረም፤ ምስጋና ነበረው። ቀጥላ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «አያችሁ? ሸሽቶ ነው። ኸብረቷ ሸሽቶ ተራራው ስር ገባ። ይኸ ልጅ ባይቆፍርልን ኖሮ የት እናገኘው ነበር?»

ማንም አላመነታም። አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ እንኳ፣ ቆይ እስቲ አላለም። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የእልልታው ብዛት ዋጣቸውና በትራቸውን ተደገፉ። ሴቶቹ እኔን ሊመርቁኝ ከበቡኝ። ብረት ያለው በነሱ እግር ስር ነው፣ ውሃው የፈሰሰው በኛ መሰርሰሪያ ነው እያልኩ ልከራከር ሞከርኩ፤ አንዷ ጉንጬን ሳመችኝ። «አላህ ይባርክህ፤ ያክስትህን ጥፋት አንተ ካስክልን» አለችኝ።

አለቃዬ ታሪኩን ሲሰማ እስኪያለቅስ ሳቀ። «እኛ ያላረጋገጥነውን ግንኙነት እነሱ አረጋገጡልን» አለ። ቀጥሎ ግን ሳቁን ቆረጠና ዓይኔን አየኝ። «ሕዝቡ መልሱን ካገኘ አንተ እንዳትረብሸው።» ያን ዕለት ለሠራተኛው ሁሉ አሳ ጋበዘ። እኔ አልበላሁም፤ አሞኛል አልኩ።

አክስቴ ወደ ቱቦው አልወረደችም። ሁሉም ከዚያ ሲቀዳ እሷ ብቻ ወደ ወንዙ ትወርድ ነበር። መጀመሪያ ከለከሏት መስሎኝ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። ማንም እንዳልከለከላት ማሉልኝ፤ ሰዉ ወረፋ መጨረሻ ላይ ትቁም ብሎ ተስማምቷል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም አሉ። እሷ ራሷ ናት እምቢ ያለችው። ስለዚህ አንድ ማለዳ ቤቷ ድረስ ወጥቼ ጄሪካኗን ነጠቅኳት፤ እጇን ይዤ ገደሉን ዞሬ አወረድኳት። እየተጎተተች መጣች። የዋሻው አፍ ሲታይ ግን መንገዱ ዳር ቆመች፤ አንድ እርምጃ አልሄድም አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጀርባዋን ለቱቦው ሰጠች።

«ነይ እንጂ እማ» አልኳት።

«አንተ ቅዳልኝ ልጄዋ። እኔ ኸነካሁት ኸዚህም ይሸሻል።»

እንደዚያ ስትል የሰማሁ ጊዜ የምይዘው አጣሁ። ትከሻዋን ይዤ አዞርኳት፤ ጮህኩባት። «እማ፣ እኛ ነን የቆፈርነው! ብረቱ የኛ ነው፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ እኔ ነኝ ፍሰት ያልኩት! ያንቺ መጥረቢያ ውሃውን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም። መንደሩ ሁሉ ጠጥቶታል እኮ!»

ፊቷ ላይ ያየሁት ንዴት ቢሆን ደስ ባለኝ። አዘነችልኝ። መዳፏን አፌ ላይ አደረገች፤ ሴቶቹ እንዳይሰሙ ዞር ዞር ብላ አየች።

«ተው፣ ስለኔ ብለህ አትዋሽ፤ ሐራም ነው» አለችኝ። «ባቄላው በስሏል እኮ። የኛው ውሃ ነው። እኔን ነው የሸሸኝ።»

ጄሪካኑን ይዤ ወደ ቱቦው ሄድኩ። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ወረፋውን ለቀቁልኝ፤ ጎረቤቷ ራሷ ጄሪካኔን ከቱቦው ስር ደገነችልኝ። ውሃው ለብ ይላል። ሞልቼ ተሸክሜ ስመለስ አክስቴ ከቆመችበት አልነቃነቀችም። ክዳኑን እኔው እንዳጠብቀው ለመነችኝ፤ በመንገድ ፈንጠቅ ብሎ እጇን እንዳይነካት።